በዛጎል ምሽግ ውስጥ

የባሩድ ሽታ ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል፤ እኔን ሆዴን ያባባዋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ልጆች ለጁላይ ፎር፣ ለአሜሪካ የነጻነት በዓል፣ የተገዛላቸውን ርችት እስኪመሽ መጠበቅ አቅቷቸው መንገድ ዳር አንድ ሁለቱን ለኮሱ። ጭሱ በሣሩ ላይ እየተንሳፈፈ እናቴ ቤት በረንዳ ድረስ መጣ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፍና ወደ ውስጥ ገባችና ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰካች። ለምን እንደሆነ ስጨርስ ይገባችኋል። እኔ ደግሞ መስኮቱ ደፍ ላይ ለዓመታት የተቀመጠችውን ቁራጭ ድንጋይ አነሳኋት። ከጡጫ አትበልጥም። ከሩቅ ተራ ድንጋይ ትመስላለች፤ ጠጋ ብለው ሲያዩዋት ግን እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ጥቃቅን ዛጎሎች ናት። ውሃ ሲነካት እስከ ዛሬ ባሕር ባሕር ትሸተኛለች። እናቴ "ምኑ ነው የሚሸትሽ?" ትለኛለች፤ እኔን ግን ይሸተኛል።

ድንጋይዋን የገዛልኝ አባቴ ነው፣ ሴንት ኦገስቲን የሄድን ቀን። አስር ዓመቴ ነበር።

ያኔም የምንኖረው እዚሁ አትላንታ ዳር፣ ሊቶኒያ፣ በዚሁ ቤት ነበር። አባቴ ሌሊት ሌሊት ዶሮ ፋብሪካ ይሠራል፤ እናቴ ቀን ቀን ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። የሚገናኙት የመኪናውን ቁልፍ ሲቀባበሉ ነበር። መጀመሪያ ወሬው አነሰ፣ ቀጥሎ ሰላምታው ቀረ፣ በመጨረሻ ቁልፉም ጠረጴዛ ላይ እየተተወ መቀባበሉ ቀረ። በምን እንደተጣሉ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ካደግሁ በኋላ ሁለቱንም በየተራ ጠይቄያለሁ፤ እሱ "እናትሽን ጠይቂያት" አለኝ፣ እሷ "አባትሽን ጠይቂው" አለችኝ።

የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። አባቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እየሰማ እናቴ፣ "አባትሽን ቆሻሻው ይውጣ ብላለች በይው" ትለኛለች። እኔ ዞር ብዬ፣ "ቆሻሻው ይውጣ ብላለች" እላለሁ። "አውጥቻለሁ ብሏል በያት" ይለኛል። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ። አንዳንዴ ቃሉን ትንሽ ለስለስ ባደርገው ይታረቁ ይሆን ብዬ አስብ ነበር፤ ግን አንዱ ሌላውን በጆሮው እየሰማ እንዴት ልዋሽ?

ትምህርት በተዘጋ ሰሞን አባቴ ሎረንስቪል የሚባል ሌላ ከተማ ውስጥ አፓርትመንት ማግኘቱን ለጓደኛው በስልክ ሲነግር ሰማሁ። "ትምህርት ሲከፈት እወጣለሁ" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸሎቴ አንድ ብቻ ሆነ፦ አባቴ እንዳይሄድ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም፤ ስመኘው የነበረውን ብስክሌት እንኳ ረሳሁ።

ሽማግሌዎች ቀደም ብለውም መጥተው ነበር። አንድ ጊዜ ወሬው ሲከር እናቴ ተነስታ ጓዳ ገባችና አልወጣችም፤ ሌላ ጊዜ አባቴ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ። በዚህ ጊዜ ነው ነገሩ ለንስሐ አባታችን የደረሰው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ጥርሳቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ቄስ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእኛ ለልጆቹ ፊደል የሚያስቆጥሩንም እሳቸው ናቸው፤ ይህን የምጽፍበትን አማርኛ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ከጥቁር ቀሚሳቸውና ከነጭ ጥምጥማቸው ውጭ ሌላ ልብስ ለብሰው አይቻቸው አላውቅም። ነገሩን ከሰሙ በኋላ እንዲህ አሉ፦

"ከእንግዲህ ቤት ውስጥ አልሸመግልም። ቤት በር አለው። መኪና ውስጥ ይሁን፤ በሰባ ማይል እየበረረ በሩን ከፍቶ የሚወጣ የለም።"

"ወዴት እንሂድ ታዲያ አባታችን?" አለች እናቴ።

"ባሕር አይቼ አላውቅም። ባሕር ያለበት ውሰዱኝ።"

ሴንት ኦገስቲንን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ያን ዓመት በክፍል ውስጥ ተምረነው ነበር፤ ፍሎሪዳ ያለ፣ አሜሪካ አሜሪካ ከመባሏ በፊት እስፔኖች የቆረቆሩት ከተማ። "ባሕርም አለ፣ ምሽግም አለ፣ ብዙ ሰዓት ያስነዳል" አልኩ። የመጨረሻው ነው ዋናው ምክንያቴ። ለማስታረቅ ረጅም መንገድ ይሻላል ብዬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነሳን። አባቴ ይነዳል፣ የንስሐ አባታችን ጋቢና፣ እናቴና እኔ ከኋላ። የሰኔ ጾም ስለነበር እናቴ ቆሎና ዳቦ ይዛለች። ሜከን ከተማ ስንደርስ ይጀምራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሜከንን አለፍን፤ እሳቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ዳዊቱ ሲያልቅ ይጀምራሉ አልኩ። ዳዊቱ አለቀ፤ እሳቸው ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ያውም እያንኮራፉ። ሽማግሌያችን ተኙ። እናቴ ከቆሎው እየዘገነች፣ "ለአባትሽ ስጪው" ትለኛለች፤ እኔ በወንበሮቹ መሀል እጄን ሰድጄ አቀብለዋለሁ። የሰጠችኝን ልብ ብዬ ሳየው ሽምብራ ሽምብራው ብቻ ነው። ከገብሱ እየለየች ነበር። አባቴ ሽምብራ እንደሚወድ የዚያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ፍሎሪዳ ስንገባ ዛፎቹ ተለወጡ። ከየቅርንጫፉ ግራጫ ነገር እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሏል። አየሩ ወፈረ፣ ጨው ጨው ሸተተ። ከዚያ መንገዱ ድንገት ታጠፈና ውሃው ከፊታችን ተዘረጋ። የንስሐ አባታችን መቼ እንደነቁ አላውቅም።

"አቁም ልጄ፣ አቁም!" አሉ።

አባቴ እንደምንም ዳር ይዞ ፓርክ አደረገ። እሳቸው ወርደው ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብሰብ አድርገው ውሃው ጫፍ ድረስ ሄዱ። ፀሐይ ባሕሩ ላይ ተሰባብራ ስለምታብለጨልጭ ዓይን ገልጦ ማየት ያቅት ነበር። ለብዙ ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነከሩና ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

"እውነትም ጨው ነው" አሉ። እንደ ሕፃን ልጅ ነበር የተገረሙት። "ዕድሜዬን ሙሉ ከመጽሐፍ ሳስተምረው የኖርኩት ባሕር ለካ እንዲህ ያህላል።"

እናቴም አባቴም ያዩዋቸው ነበር። እኔ ባሕሩን ትቼ የሦስቱን ፊት አየሁ፤ ሦስቱም ፊት ላይ ያለው ብርሃን አንድ ነበር።

ከተማው ውስጥ ስንገባ እኔም አፌን ከፈትኩ። አትላንታ ውስጥ ያረጀ ነገር ሲፈርስ እንጂ ሲጠበቅ አይቼ አላውቅም ነበር። እዚህ ግን ሁለት ግዙፍ የድንጋይ ምሰሶዎች የጥንቱ የከተማ በር ሆነው ዛሬም ቆመዋል። በመሀላቸው አልፈን ገባን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የእንጨት ሰገነቶቹ ከግራና ከቀኝ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። የፈረስ ኮቴ ድንጋዩ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከአንዱ ሱቅ በስኳር የተቆላ ለውዝ፣ ከሌላው አዲስ ቆዳ ይሸታል። የካቴድራሉ ደወል ሲመታ ድምፁ በግድግዳዎቹ መሀል እየተንከባለለ መጥቶ ደረቴ ውስጥ ሲገባ ይታወቀኝ ነበር። የመጽሐፍ ገጽ ተከፍቶ እግሬን ያስገባሁበት መሰለኝ። ከአስፋልቱ በታች የስንት ሰው ኮቴ አለ እያልኩ ቀስ ብዬ እረግጥ ነበር።

ምሽጉ በር ላይ አባቴ ጽሑፉን ቆሞ አነበበ። "የጎንደር ግንብ ሲሠራ ነው ማለት ነው ይሄም የተሠራው" አለ ለራሱ።

እናቴ ጎንደሬ ናት። ይህ ዝም የሚባል ነገር አልነበረም። "ከጎንደር ግንብ ግን አይበልጥም በይው" አለችኝ።

"ማን ይበልጣል አለ በያት።"

ግድግዳው ከሩቅ ግራጫ ነው። ቀርቤ እጄን ሳስቀምጥበት ግን ዘለልኩ፤ ድንጋዩ ሁሉ ዛጎል ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ትንሽ ዛጎል ተጋግሮ ግንብ ሆኗል። ፀሐይ ስትመታው እዚህም እዚያም ያበራል። የንስሐ አባታችን ቀና ሲሉ አናቱ ላይ የሚውለበለበው ነጭ ባንዲራ ቀይ መስቀል እንዳለበት አዩ። የጥንት እስፔኖች ባንዲራ ነው። እሳቸው ግን መስቀል ካለ ደጃፉም ደጀ ሰላም ነው ብለው ግድግዳውን ተሳለሙት። እናቴም ተከተለቻቸው፣ እኔም። አባቴ ግራ ቀኝ አየና ፈጠን ብሎ ተሳለመ።

አስጎብኚው የተናገረውን ለንስሐ አባታችን ተረጎምኩላቸው፤ ጠላት ከባሕር ሆኖ በመድፍ ሲደበድበው ግንቡ አልተሰነጠቀም፣ የመድፉን ጥይት እየዋጠ አስቀረው። "ለስላሳ ስለሆነ ነዋ" አሉ። "ጠንካራ ቢሆን ይሰበር ነበር።" ይህን ሲሉ ወደ እናቴና ወደ አባቴ ዞር ይላሉ፣ ሽምግልናው አሁን ተጀመረ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን የሚያዩት ግድግዳውን ብቻ ነበር።

ግቢው ውስጥ የጥንት ወታደር ልብስ የለበሱ ሰዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ጎብኚው ከእነሱ ጋር ፎቶ ይነሳል። የንስሐ አባታችን በጥቁር ቀሚሳቸውና በጥምጥማቸው፣ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ጥላ ሥር ቆሙ። አንዲት ፀጉረ ነጭ አሜሪካዊት ካሜራዋን ይዛ ቀረበች። "እሳቸውስ የየትኛው ዘመን ሰው ሆነው ነው የሚጫወቱት?" ብላ እየጠየቀችኝ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። መልስ ሳልሰጣት የንስሐ አባታችን መጎንበሷን አዩ። ጎንበስ ያለ ሰው ለእሳቸው ትርጉሙ አንድ ነው። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳረፉ፤ በግዕዝ ደገሙላት፤ ትከሻዋን ዳሰሷት።

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች። ካሜራው በማሰሪያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ዓይኗን ስትገልጥ ፎቶውን ረስታዋለች፤ ድምፅ ሳታሰማ አመሰገነችና ባሏን ጎትታ አመጣችው። ከባሏ ኋላ ሌላ ሰው ቆመ፣ ከሌላው ኋላ ሌላ። ብዙም ሳይቆይ ቁምጣ የለበሱ፣ አይስክሬም የያዙ፣ ልጅ ያዘሉ ሰዎች ሰልፍ ይዘው ግቢውን አጋመሱት። ሁሉም እየሳቁ ይመጣሉ፤ መስቀሉ ሲነካቸው ዝም ይላሉ። እሳቸውም ሳይቸኩሉ፣ አንዱንም ሳያሳንሱ ይባርካሉ።

አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። "ተዋናይ መስለዋቸው ነው እኮ፤ ልንገራቸው" አለ በሹክሹክታ።

"እንዳትነግራቸው በይው" አለችኝ እናቴ። እሷም ከንፈሯን ነክሳለች።

"እንዳትነግራቸው ብላለች።"

"እሺ በያት።"

እሺ! ከእሱ ለእሷ የተላከ እሺ ተሸክሜ የማውቅ አይመስለኝም። ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩት።

ያኔ ነው ከላይ፣ ከምሽጉ ጣሪያ ላይ፣ መድፉ የተተኮሰው። ለጎብኚ የሚተኮስ ባዶ መድፍ ነው፤ በድምፅ ማጉያ ጆሯችሁን ያዙ ተብሎ ነበር፤ እኛ ሰልፉን ስናይ አልሰማንም። ድምፅ ነበር ብል አይበቃም። መሬቱ ከሥሬ ተነሳ። ከዚያ አፌ ውስጥ ሣር ነው ያለው፣ ምንም አይታየኝም፣ እናቴ ላዬ ላይ ናት፣ ልቧ ጆሮዬ ላይ ይደልቃል። ከእሷ በላይ ደግሞ አባቴ ነው። ክንዱ ሁለታችንንም ጠቅልሎናል፤ መዳፉ የእናቴን ጆሮ ሸፍኗል። የባሩዱ ሽታ ቀስ ብሎ ወረደብን።

በእናቴ ክንድ ሥር አሾልቄ ሳይ ሰልፈኛው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያየናል። የንስሐ አባታችን ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ መስቀላቸውን በላያችን ዘርግተው ቆመዋል። እንደዚያ የተጠበቅሁበት ሰዓት በሕይወቴ የለም፤ ፈርቼ ነበር፣ ግን እንዳያልቅም ፈልጌ ነበር።

"ተነስ እንጂ፣ ልጅቷን ጨፈለቅካት!" አለች እናቴ።

አባቴ ተነሳ። መነጽሩ ተጣሟል። "ተጎዳሽ?" አላት።

"አልተጎዳሁም። አንተስ?"

ማንም በይው፣ በያት አላለኝም። ሥራ ፈትቼ በመሀላቸው ቆምኩ። ከሰልፉ ውስጥ የጦር ዘማች መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ያለበት ኮፍያ ያደረገ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ወጥቶ ኮፍያውን አወለቀና የአባቴን እጅ ጨበጠው። ጨብጦም ቶሎ አልለቀቀውም።

የንስሐ አባታችን የእናቴን ነጠላ ከመሬት አንስተው አራገፉት። "የተጣላ ሰው እንደዚህ አይወድቅም" አሉ። ከዚያ ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ። ሽምግልናው ይኸው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልጨመሩም።

ስንወጣ አባቴ ከስጦታ ሱቅ ይህችን ድንጋይ ገዛልኝ። በመልስ ጉዞ ለንስሐ አባታችን የጎብኚዎቹን ነገር ስነግራቸው በእጃቸው ጥርሳቸውን ሸፍነው እስኪያነቡ ሳቁ። "እኔ እንደሆነ ባርኬያቸዋለሁ፤ ተሳስተን ነው ብለው በረከቱን መልሰው ሊልኩልኝ ነው እንዴ?" እናቴ ከኋላ ሆና፣ "ቀኙን ያዝ፣ መውጫው ደርሷል" ትላለች፤ አባቴ፣ "አይቼዋለሁ" ይላል። ከዓለም ሁሉ የጣፈጠ ወሬ ነበር። እሱን እየሰማሁ ድንጋዬን አቅፌ ተኛሁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ከሳምንታት በኋላ ጁላይ ፎር ደረሰ። ገና ሲመሽ የመጀመሪያው ርችት ሲፈነዳ አባቴ ከሳሎን ተነስቶ እናቴ ያለችበት ጓዳ በር ላይ ቆመ። "ርችት ነው" አላት። "አውቃለሁ" አለችው። ታረቁ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ትምህርት ሲከፈት ግን አባቴ ልብሱን በሁለት ሻንጣ ይዞ ሎረንስቪል ገባ። አልተጯጯሁም፤ እናቴ ሸሚዞቹን ተኩሳ አጥፋ ነው የሰጠችው። እኔ ለንስሐ አባታችን፣ "ዋሽተውኛል" ብዬ ፊደል መቁጠር አቆምኩ። እሳቸውም አልተከራከሩኝም፤ ቅዳሜ ሲደርስ ወንበሬን ባዶውን ይጠብቁልኝ ነበር። ቆይቼ ተመለስኩ።

በዓመቱ ጁላይ ፎር፣ ገና አንዱ ሲፈነዳ ስልኩ ጮኸ። እናቴ አነሳችው። "ርችት ነው" የሚል ድምፅ ከወዲያ ሰማሁ። "አውቃለሁ" አለች። ከዚያ ሁለቱም ምንም ሳያወሩ፣ ስልኩንም ሳይዘጉ፣ ሰማዩ እስኪረጋ ቆዩ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ወለድኩ፤ ስልኩ አንድም ዓመት ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም።

አባቴ ባለፈው የጾመ ነቢያት ሰሞን አረፈ። ለቅሶው ላይ እናቴ እንደ ሚስት ተቀመጠች፤ ማንም አልጠየቃት። ያን ሰሞን ነው እንዴት እንደተዋወቁ የነገረችኝ። ወደ ሱዳን ድንበር ሲሸሹ ከባድ መሣሪያ ይተኮስ ነበር። አንድ የማታውቀው ልጅ ከኋላዋ መጥቶ አንገቷን ይዞ ቦይ ውስጥ ጣላትና ላይዋ ላይ ወደቀ። ጆሮዋን በመዳፉ ሸፈነው። "ስሙን የጠየቅሁት ከዚያ በኋላ ነው" አለችኝ።

አሁን እየመሸ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጠናል፤ ድንጋይዋ እጄ ውስጥ ናት። እናቴ ስልኳን ከቻርጁ ነቅላ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ከዛፎቹ በላይ የመጀመሪያው ርችት ወጣና ፈነዳ፤ መስኮቱ ተርገበገበ። የእናቴ ትከሻ ሰቀቅ ሲል አየሁ። ስልኩ አልጮኸም። "እማ፣ ርችት..." ብዬ ስጀምር እጇን አንስታ ዝም አሰኘችኝ። ሁለተኛውም ፈነዳ፣ ሰማዩ ቀይ ሆነ። መዳፏን ስልኩ ላይ አሳርፋ ወደ ሎረንስቪል አቅጣጫ አየች።

"አውቃለሁ" አለች።